የፈራ ይውረድ፣ የወረደ አይሰደብ

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ እግሬ ፍሬን ይረግጣል። ከምሳ በኋላ ጋደም ስል ቀኝ እግሬ በራሱ ሥልጣን ተነስቶ አልጋውን ይደቁሳል። ሚስቴ ትርንጎ መጀመሪያ ሰሞን በሽታ መስሏት ደንግጣ ነበር፤ በኋላ ለመደችው። «መንግሥት ያሳረፈውን እግር አንተ አታሳርፈውም?» ትለኛለች። ምን ላድርግ? መቀመጥ አልሆንልህ አለኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ተቀምጬ ነው የሠራሁት፤ ግን የተቀመጥኩበት ነገር ይሄድ ነበር።

ጠዋት ጠዋት መተማ ዮሐንስ መናኸሪያ እወርዳለሁ። የምሳፈርበት ኖሮኝ አይደለም። ከላይ የመጡትን ሹፌሮች ስለ መንገዱ እጠይቃለሁ፤ አይከል ዘንቧል ወይ፣ ነጋዴ ባሕር ጋ መንገዱ እንዴት ነው፣ ክፍት ነው ወይስ ተዘግቷል እላለሁ። በዚህ ዘመን መንገድ ደህና ዋለ ብለህ ስታድር ጠዋት ተዘግቶ ታገኘዋለህ። የአይሱዙ ሹፌሮች ያሾፉብኛል።

«ጋሽ አለባቸው፣ የዛሬው ስምሪትዎ ወዴት ነው?»

«ወደ ቤት» እላለሁ።

«ውሎ አበል አለው?»

ይስቃሉ። እኔም እስቃለሁ፤ ግን ከሳቁ በኋላ እነሱ ሞተር አስነስተው ሲሄዱ እኔ እዚያው እቀራለሁ።

ኮኪት ነው የተወለድኩት። መሪ የያዝኩት በሰሊጥ እርሻ ትራክተር ላይ ነው። ከዚያ ሽንፋ ጤና ጣቢያ ሹፌር ሆኜ ተቀጠርኩ፣ ቀጥሎ ሳንጃ፣ በመጨረሻ ገንዳ ውሃ። ደመወዙ የሹፌር ደመወዝ ነበር፤ ስለሱ የሚወራ ብዙ የለም። አለቆቼ ግን ብዙ ዓይነት ነበሩ። የሳንጃው ገና ከግቢ ሳንወጣ እንቅልፍ ይዞት የሚሄድ፣ ደርሰን ስንቆም ደግሞ «ጥሩ መንገድ ነበር» የሚል ሰው ነበር። አንዱ ደግሞ የበሩን እጀታ በሁለት እጁ አንቆ ይዞ «አትቸኩል፣ ግን ፈጠን በል» ይለኝ ነበር። ያን ትእዛዝ እንዴት እንደሚፈጽሙት እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

መንዳት ያስተማረኝ ትራክተሩ አይደለም። ያስተማሩኝ አያ ውበቱ ናቸው።

አያ ውበቱ የደባርቅ ሰው ናቸው። በወጣትነታቸው ኤንትሬ የጭነት መኪና ይዘው ሊማሊሞን ሲወጡና ሲወርዱ የኖሩ፣ በኋላ ሙቀት ለመገጣጠሚያቸው ይሻላል ተብለው ወደ ቆላ የወረዱ ሹፌር ነበሩ። ሽንፋ ያገኘኋቸው ጊዜ ዋልካው ጎማውን እንደ ገንፎ ጠቅልሎ ይዞኝ፣ ሞተሩን እያስጮህኩ ጭቃ ስረጭ ነበር። መጥተው በመስኮት እጃቸውን አስገቡና ቁልፉን አጠፉት።

«ጭቃው ይሰማሃል ብለህ ነው የምትጮህበት?» አሉኝ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ተከተልኳቸው። ልማዳቸው አሁንም እጄ ላይ አለ። ረጅም ቁልቁለት ከመጀመራቸው በፊት መኪናውን ያቆሙና ሞተሩን ያጠፋሉ። ይወርዱና ጎማ በጎማ እየዞሩ የእጃቸውን ጀርባ የጎማው መሐል ብረት ላይ ያስጠጋሉ። መዳፋቸውን አያስነኩም፤ «መዳፍ ሥራ ለምዶ ደንቁሯል፣ የእጅ ጀርባ ግን አይዋሽም» ይላሉ። ይህን ሲያደርጉ ማንም አይናገርም፤ አለቃም ቢሆን ዝም ይላል። ከዚያ በከባድ ማርሽ ቀስ እያሉ ይወርዳሉ። ዓይናቸው ከመንገዱ አይነቀልም። «ገደል የሚያይ ሹፌር ገደል ይገባል» ይሉ ነበር።

ሊማሊሞ አናት ላይ ሲደርሱ ደግሞ ከዚህ ሁሉ በላይ አንድ ነገር ይጨምራሉ። ወደ ተሳፋሪው ዞረው «የፈራ ይውረድ፣ የወረደ አይሰደብ» ይላሉ። እዚያ አቀበት ላይ መንገዱ ተጠማዝዞ ሲዞር የእግር አቋራጩ ቀጥ ብሎ ይወርዳል። የፈራ ሰው በአቋራጩ ይወርዳል፣ ሹፌሩ ታች ኩርባው ላይ ቆሞ ይጠብቀዋል። የወረደውን ሰው ፈሪ ያለ ተሳፋሪ ካለ አያ ውበቱ እሱንም ያወርዱታል፤ እሱን ግን አይጠብቁትም ነበር። ይህ ሕግ በየትኛውም መሥሪያ ቤት አልተጻፈም። ሆኖም ሲሻር አላየሁም።

እንግዲህ ስለዚያ ቀን ልናገር። ያኔ ዞኑ አንድ ስለነበር ለክትባት ዘመቻ ከየወረዳው ሹፌርና መኪና ይሰበሰብ ነበር፤ እኔም ከአያ ውበቱ ኋላ ሊማሊሞን ደጋግሜ ወጥቼ ወርጃለሁ። ያን ቀን እኔና አያ ውበቱ ዛሪማ ደረሰን፤ ከሊማሊሞ ወዲያ ማዶ፣ ታች ያለችው ከተማ ናት። እሳቸው ሠራተኞቹን ይዘው ከፊት፣ እኔ ደግሞ በበረዶ የታሸጉትን የክትባት ሳጥኖች፣ አንድ አስተባባሪና ይርጋ የሚባል የዛሪማ ልጅ ይዤ ከኋላ ነበርን። ይርጋ ኮኪት ሰሊጥ ሲያጭድ ከርሞ፣ አባቱ በጠና መታመማቸውን ሰምቶ በልመና የተሳፈረ ነው። አናቱ ላይ አያ ውበቱ ቃላቸውን ሲሉ እሱ ወረደ። «ይቅርታ ጌቶች፣ መንገዱ አላስቻለኝም» አለ። ማንም አልሰደበውም።

አያ ውበቱ ቀደሙ። አስተባባሪው «በረዶው እየቀለጠ ነው፣ ምን ያንቀራፍፍሃል» እያለ ጨቀጨቀኝ። እኔም ጎበዝ ነኝ ብዬ ማርሹን አቀለልኩና በፍሬን መውረድ ጀመርኩ። ትንሽ ቆይቶ ጋቢናው ውስጥ የተቃጠለ ሽታ ገባ። ጭስ አየሁ። አቆምኩና ወረድኩ። ከዚያ ያደረግሁትን የቆላ ሰው ብቻ ነው የሚያደርገው። በእኛ አገር በሚያዝያ ፀሐይ ጎማ ሲግል ጄሪካን አንስተን ውሃ እንቸልስበታለን፤ ሁላችንም እንዲህ ነው የምናደርገው፣ ኮኪት ላይ ይህን የማያደርግ ሹፌር ሰነፍ ይባላል። እኔም ጄሪካኑን አንስቼ በጋለው ጎማ መሐል ቸለስኩበት። ብረቱ ጧ አለ። የፍሬኑ ታምቡር፣ ያ ከጎማው ውስጥ ያለው የብረት ከበሮ፣ ተሰነጠቀ።

አያ ውበቱ ታች ጠብቀው ጠብቀው ስንዘገይባቸው በእግራቸው ወጡ። ስንጥቁን አዩት። የእጃቸውን ጀርባ አስጠጉና መለሱት።

«ውሃ የጎማ ነው፤ የፍሬን መድኃኒቱ ጊዜ ነው» አሉ። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። አንተ እንኳ የምትለቅመው የለህም።»

የሳቸው መኪና ሰዎቹን ዛሪማ አድርሳ ለሳጥኖቹ ልትመለስ ተነሳች፤ ግን ጉሙ ወርዶ መንገዱን ደፈነው። ጉሙ ሲገፈፍ በረዶው ውሃ ሆኖ ነበር። በሳቸው መኪና ዛሪማ ስደርስ እናቶቹ ከጠዋት ጀምሮ ከዋርካው ሥር ተቀምጠው ውለው በመመለስ ላይ ነበሩ። አንዷ ልጇን አዝላ፣ መልሳ ፈታ፣ እንደገና አዘለች፤ መሄዱን እርግጠኛ መሆን ያቃታት ይመስል ነበር። «ሌላ ቀን ይመጣሉ?» አለችኝ። መኪናውን ያየች ሰው ሹፌሩን ነው የምትጠይቀው። ከእነዚያ ልጆች የታመመ ይኑር አይኑር እስከ ዛሬ አላውቅም። አለማወቄ ነው የሚያንገበግበኝ።

ይርጋ ግን በአቋራጩ ወርዶ ቀድሞን ደርሶ ነበር። አባቱን በሕይወት አግኝቷቸዋል።

ከዚያ ወዲህ ወደ ሊማሊሞ ስምሪት ደርሶኝ አያውቅም። አያ ውበቱም ዐረፉ፤ ነፍሳቸውን ይማረው። ያን ቁልቁለት እንደገና አንዴ፣ እንደ ደንቡ፣ በከባድ ማርሽ፣ ፍሬን ሳይሸት ሳልወርደው ጡረታ ወጣሁ።

ይኸው ነው እንግዲህ ዘንድሮ ኅዳር ላይ ያስነሳኝ። አንድ የሰሊጥ ነጋዴ ወዳጄ ፒካፑን ሊያውሰኝ ፈቀደ። ለትርንጎ «ሊማሊሞን ላሳይሽ» አልኳት። እሷ የሽንፋ ልጅ ናት፣ ከጎንደር ወዲያ ደጋ አይታ አታውቅም። የመንግሥት መኪና ቤተሰብ አይጭንም፣ እኔም ይህን ሕግ ጠብቄ ነው የኖርኩት፤ እሷም ይህን ሕግ ስታነሳብኝ ነው የኖረችው።

«ምን ይታያል?» አለችኝ።

«መጀመሪያ ሰፋ ያለ ኩርባ አለ፤ እሱ አያስቸግርም። ቀጥሎ ወደ ግራ የሚታጠፍ አለ፣ እሱ ላይ ማርሽ ቀድመሽ መቀየር ነው። ከዚያ ውሃ የሚያንጠባጥብ ዓለት…»

«እኔ የጠየቅሁህ ተራራውን ነው፤ አንተ መንገዱን ትነግረኛለህ።»

እውነቷን ነው። ያን ሁሉ ጊዜ ወጥቼ ወርጄ ተራራውን አላየሁትም ነበር። ሹፌር ነበርኩ።

ቢሆንም ዕቅድ ማውጣቱን ማን ብሎኝ። ጎሚስታው ዘንድ ሄጄ ጎማዎቹን አስፈተሽኩ፤ በቆላ ሙቀት የተነፋ ጎማ ደጋ ሲወጣ እንደሚላላ ለእሱ ሳስረዳው «አባት፣ ሥራዬን ይተውልኝ» አለኝ። ከመተማ ጎህ ሲቀድ መነሳት፣ አይከል ቁርስ፣ ጎንደር ሳይዘገዩ ማለፍ፣ ደባርቅ አዳር። ጠዋት ጉሙ እስኪነሳ መጠበቅ፣ ረፋድ ላይ ቁልቁለቱን መጀመር። ትርንጎ ወርዳ የምታይባቸውን ቦታዎች ሁሉ በልቤ መረጥኩ፤ የመረጥኳቸው ግን መኪና ለማቆም የሚመቹትን ነበር። በየቀኑ አንድ ነገር እቀይራለሁ። መናኸሪያ ሄጄ ደግሞ እጠይቃለሁ። ቤት ስመለስ ደግሞ ዕቅዱን ከመጀመሪያው እጀምራለሁ።

ችግሩ የመጣው ከልጄ ከብርቱካን ነው። ኮኪት ጤና ጣቢያ ነርስ ናት፤ መንጃ ፈቃድ አላት፣ መንዳት ያስተማርኳትም እኔ ነኝ። ለመሸኘት ስትመጣ ፊቴን ወደ ብርሃኑ አዞረችና ግራ ዓይኔን አየችው።

«አባዬ፣ ይኼ ሞራ ነው። ካየሁት ወዲህ ብሶበታል። መጀመሪያ ጎንደር ታክመህ ከዚያ ብትነዳ ምን አለ?»

«አቧራ ነው» አልኳት።

«ቆላ ተወልጄ አቧራና ሞራ አልለይም?»

«መንገዱ ክፍት ሲሆን ነው የሚሄዱት። ዓይኔ እስኪድን መንገዱ ይጠብቀኛል?»

ተጨቃጨቅን። ትርንጎ ሰሊጥ እያበጠረች ስትሰማ ቆይታ ወንፊቱን አስቀመጠች። «ኸላስ! በቃችሁ! እኔ ተራራ ለማየት ነው የምሄደው እንጂ እናንተን ልዳኝ አይደለም። ብርቱካን ትንዳ፤ ካልሆነ ቀረሁ።» እኔም ተቆጣሁ። ተሳፋሪ ሆኜ ሊማሊሞን አልወርድም አልኩ። የምር ነበር የተናገርኩት። ያን ቁልቁለት በሌላ ሰው እጅ ከምወርደው ባልሄድ ይሻለኛል ብዬ ሁለት ቀን አኮረፍኩ። በመጨረሻ ታረቅን፦ እስከ ደባርቅ ብርቱካን ትነዳለች፣ ሊማሊሞን ግን እኔ ነድቼ እወርዳለሁ። ብርቱካን «እሺ» ስትል ከንፈሯን ነክሳ ነበር።

ጉዞው ደህና ነበር፣ ለእኔ ካልሆነ በቀር። ልጅቷ በደንብ ትነዳለች፤ ይህን ያህል በደንብ መንዳቷ ራሱ ያናድደኝ ነበር። «ማርሽ ቀይሪ» ልል አፌን ስከፍት እሷ ቀይራለች። አይከል ስንደርስ ትርንጎ መስኮቱን ዘጋች፤ አምባጊዮርጊስ ስንደርስ ጋቢዋ ላይ የእኔን ጃኬት ደረበች። «እነዚህ ሰዎች በዚህ ብርድ ወደው ነው የሚኖሩት?» እያለች መንገድ ዳር ያለውን ሁሉ ስታይ ልጅ ሆነች። እኔ ግን ደባርቅን ብቻ ነበር የማስበው።

በማግሥቱ ረፋድ አናቱ ላይ ደረስን። ብርቱካን አቆመችና ቦታዋን ለቀቀችልኝ። ሞተሩን አጠፋሁ። ወርጄ ጎማ በጎማ ዞርኩ፣ የእጄን ጀርባ አስጠጋሁ። ሁሉም ቀዝቅዟል። ሁለቱም ዝም ብለው ጠበቁኝ፤ ነግሬያቸው ነበር። ደስ ብሎኝ ነበር፤ እንዲያውም አያ ውበቱ አጠገቤ የቆሙ መሰለኝ። ተመልሼ መሪውን ያዝኩና ቁልቁለቱን አየሁ።

የመንገዱ ጠርዝ ጥርት ብሎ አይታየኝም። ነጭ ነገር ለብሷል።

«ጉሙ አልተነሳም» አልኩ። «ትንሽ እንጠብቅ።»

አጠገቤ የተቀመጠችው ትርንጎ አንገቷን በመስኮቱ አውጥታ አየች። «የምን ጉም? ሰማዩ እንደ ታጠበ ሳህን ነው። ኧረ እዚያ ማዶ ያለውን ዓለት እዩልኝ!»

ብርቱካን ከኋላ ወንበር ግራ ዓይኔን ስታይ በመስታወቱ አየኋት። ግራ ዓይኔን በእጄ ሸፈንኩት፤ መንገዱ ጠርቶ መጣ። እጄን አነሳሁ፤ ጉሙ ተመለሰ።

እግሬ ፍሬኑ ላይ ነበር። የዛሪማዋን እናት አሰብኳት፤ ልጇን አዝላ የፈታችውን። ያኔም «ጎበዝ ነኝ» ብዬ ነበር። አሁን የያዝኩት የክትባት ሳጥን አይደለም፤ ሚስቴና ልጄ ናቸው።

አያ ውበቱ እንደሚያደርጉት ወደ ተሳፋሪዎቼ ዞርኩ።

«የፈራ ይውረድ፣ የወረደ አይሰደብ» አልኩ።

ማንም አልተንቀሳቀሰም። በሩን ከፈትኩና ወረድኩ።

ብርቱካን ከኋላ ወርዳ አጠገቤ ቆመች። ዓይኗ ውሃ ሞልቷል። ቁልፉን ሰጠኋት። «በከባድ ማርሽ» አልኩ። «ቢሸትሽ አቁሚና ጠብቂ። ውሃ እንዳትቸልሺበት።»

«አውቃለሁ አባዬ። ስንት ጊዜ ነው የነገርከኝ?»

«ታች ኩርባው ላይ ጠብቂኝ። በአቋራጩ እመጣለሁ።»

ያኔ ትርንጎ በሩን ከፍታ ወረደች። «አንቺ ደግሞ ፈራሽ?» አልኳት። «አልፈራሁም፤ ይህን ሁሉ መንገድ የመጣሁት በመስታወት ልይ ብዬ አይደለም» አለችና ክንዴን ያዘች። ብርቱካን ሞተሩን አስነሳች፤ ድምፁን ሰማሁት፤ ማርሹን ከባድ ላይ ሳትለቀው ዞራ ወረደች።

አቋራጩ ቁልቁል ነው፤ ጉልበቴም ጉልበት አይደለም። ትንሽ ወርደን እናርፋለን። አስታ በሚባለው የደጋ ቁጥቋጦ መሐል ጭላዳ ዝንጀሮዎች ተቀምጠው ሣር ይነጫሉ፤ እኛን ከቁብ አልቆጠሩንም። ቆም አልኩና ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብዬ ወደ ማዶ አየሁ። ያለችኝ አንዲት ዓይን ጥሩ ናት፤ ሩቁን ግን እንደ ድሮው አትለይም።

«ምን ይታያል?» አልኳት።

«ተራራው ቁልቁል የተሸነሸነ ነው» አለች ትርንጎ። «ከሥሩ ደግሞ ሌሎች ትናንሽ ተራሮች ቆመዋል፤ ብቻ ብቻቸውን። ከዚያ ወዲያ ሰማይ እየመሰለ ይሄዳል፣ ይሄዳል… ከታች የእኛን የመሰለ ቆላ አለ። ጭስ ይታየኛል፤ ቤት መሆን አለበት።» ቆየት አለችና «ያን ሁሉ ዓመት ይህን ሳታይ ነው የተመላለስከው?» አለችኝ።

«መንገዱን ነበር የማየው።»

«ምስኪን» አለችኝ፤ ስድብ አልነበረም።

ኩርባው ላይ ስንደርስ መኪናዋ ቆማለች። ብርቱካን ሞተሩን አጥፍታ ወርዳለች፤ ከፊተኛው ጎማ ጎን ቁጢጥ ብላ የእጇን ጀርባ አስጠግታለች። ተጠግቼ ዝም አልኩ። አንዱን ጨርሳ ወደ ሌላው ሄደች። አራቱንም ስትጨርስ ነው ቀና ያለችው።

«ቀዝቃዛ ነው» አለች።

ከኋላ ወንበር ከትርንጎ ጋር ገባሁ። መኪናዋ ቁልቁል ጀመረች፤ በከባድ ማርሽ፣ ያለ ሽታ። ደንቡ ተከብሯል፤ ያወረድኩት ግን እኔ አይደለሁም። ይህን ስጽፍም ትንሽ ይቆጨኛል። ቀኝ እግሬ ከኩርባ ኩርባ ወለሉን ሲረግጥ ትርንጎ አየችው። እጇን ጉልበቴ ላይ አደረገች።

«ተወው» አለችኝ። «ልጅቷ ይዛዋለች።»

እግሬ ግን እስከ ዛሪማ ድረስ መርገጡን አልተወም።